ለታመመ ሕፃን የሚሰጥ ገንዘብ የዘር እህል ነው

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለው ቃል ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ነገር ግን የአንዱ ሰው ገንዘብ ለሌላው ሰው ልጅ በምን መንገድ መድኃኒት እንደሚሆን አጥብቆ የመረመረው ሰው ብዙ አይደለም። የተራበውን ማብላትና የታረዘውን ማልበስ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ እንጀራው ሲቈረስና ጋቢው ሲደረብ በዓይን ይታያልና። ለሕክምና ምርምር የሚሰጠው ገንዘብ ግን ዛሬ ተሰጥቶ ፍሬው የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ ሰጪው የስጦታውን ውጤት ሳያይ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በሕፃናት ላይ ስለሚነሣው የካንሰር በሽታና ይህን በሽታ ለመመርመር በጎ አድራጊዎች ስለሚያዋጡት ገንዘብ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናስረዳ አስበናል።

ነገሩን ከቅርብ ለመጀመር ወደ ምዕራብ ጐጃም እንሂድ። በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በገበዝ ማርያም ገጠር የሚኖረው ሕዝብ በቆሎውን፥ ጤፉን፥ ዳጉሳውንና በርበሬውን እያመረተ የሚያድር ታታሪ ገበሬ ነው። ይህ ገበሬ እህሉን ወቅቶ ወደ ቤቱ ባስገባ ጊዜ ሁሉንም አንድ ላይ አይደባልቀውም። ለምግብ የሚሆነውን፥ ለገበያ የሚወጣውንና ለዘር የሚቀመጠውን ለይቶ ያኖራል። ክረምት ገብቶ ጐተራው በጐደለ ጊዜ ከጐረቤት ይበደራል እንጂ የዘሩን እህል አይነካም። ዘሩን የበላ ሰው የዚያን ዕለት ራቡን ቢያስታግሥም፥ የሚመጣውን ዓመት ራብ በገዛ እጁ እንደ ጠራው ያውቃልና። በጎ አድራጎትም እንደዚሁ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የሚበላ፥ ሁለተኛው የሚዘራ ነው። ለአንድ የታመመ ሕፃን የመድኃኒቱን ዋጋ መክፈል እንጀራ መስጠት ነው። ያ መድኃኒት አንዱን ሕፃን ለምን እንዳዳነው ሌላውንም ለምን እንዳላዳነው መርምሮ፥ ጽፎና ቈጥሮ ለሚቀጥለው ሕፃን የተሻለውን መፈለግ ግን ዘር መዝራት ነው።

አሁን አንድ ነገር በአሳባችን እንመልከት። ከገበዝ ማርያም አካባቢ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ታመመ እንበል። መጀመሪያ ትኵሳት ያዘው፤ ወባ ነው ተባለ። ቀጥሎ ፊቱ ገረጣ፤ ደም ማነስ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ድዱ ደማ፥ ሰውነቱም ማንም ሳይመታው በለዘ። እናቱ ጠበል ወሰደችው፤ አባቱም ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከጤና ጣቢያም ወደ ፍኖተ ሰላም ይዞት ሄደ። ሐኪሙ ደሙን ካየ በኋላ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከው። አባትየው አንድ በሬ ሸጦ ልጁን አቅፎ በአውቶቡስ ተሳፈረ፤ ደምበጫን፥ ደብረ ማርቆስንና ደጀንን አልፎ፥ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፥ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ ገባ። እዚያ ሲደርስ ሕክምናው የሚፈጀው አንድ ወር ሳይሆን ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ መሆኑን ሰማ።

መድኃኒቱ ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ በላ፥ ሣቀ፥ ተጫወተ። የአባትየው ገንዘብ ግን አለቀ፤ የእርሻውም ወራት ደረሰ፤ በቤት የቀሩትም ልጆች አባታቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ልጄ ዳነልኝ ብሎ እያመሰገነ ወደ አገሩ ይዞት ተመለሰ። ዳሩ ግን በሽታው ተደብቆ ነበር እንጂ ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከፊተኛው በበረታ ኃይል ተመልሶ መጣ፤ በዚህም ጊዜ የሚሸጥ በሬ አልነበረም።

ይህ አባት ሰነፍ አይደለም፤ ልጁን የማይወድም አይደለም። ለአንድ ገበሬ በሬውን ከመሸጥ የሚበልጥ የፍቅር ማስረጃ ከወዴት ይመጣል? ሐኪሞች ሕክምናን ማቋረጥ ብለው የሚጠሩት ይህ ነገር በድኻ አገሮች ሁሉ ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት ለሞት ከሚያደርሱት ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ይህም የታወቀው ሐኪሞች ተቀምጠው ሕክምና የጀመሩትን፥ የጨረሱትንና ሳይጨርሱ የቀሩትን ሕፃናት አንድ በአንድ ስለ ቈጠሩ ነው። ምርምር ማለት በመስተዋት ዕቃና በረቀቀ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የምርምር መጀመሪያው በመዝገብ ላይ የተጻፈ የሕፃን ስም ነው።

የሕፃናት ካንሰር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ይገባል። የሰው ገላ እጅግ ብዙ ከሆኑ ጥቃቅን ሕዋሶች የተሠራ ነው። እነዚህም በልክ ይራባሉ፥ በልክም ይሞታሉ። ካንሰር ማለት ከእነዚህ አንዱ ወገን ልኩን አልፎ ያለ ከልካይ ሲራባ ነው። በሕፃናት ዘንድ አብዝቶ የሚታየው የደም ካንሰር ነው፤ ከዚህም ሌላ የአንጐል፥ የንፍፊት፥ የኵላሊት፥ የዓይንና የአጥንት ካንሰር አለ። የጐልማሶች ካንሰር ብዙ ጊዜ ከትንባሆ፥ ከመጠጥና ከአኗኗር ጋር የተያያዘ ሲሆን፥ የሕፃናቱ ግን በአብዛኛው እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የእናት ጥፋት ወይም የወላጅ ኀጢአት ዋጋም አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከተወለዱት አንሥቶ እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል በየዓመቱ 400,000 ያህሉ በዚህ በሽታ ይያዛሉ። ሀብታም በሆኑት አገሮች ከመቶው ሕፃናት ከ80 የሚበልጡት ይድናሉ። በድኻና በመካከለኛ ኑሮ ባሉት ብዙ አገሮች ግን የሚድኑት ከመቶው 30 እንኳ አይሞሉም። በሽታው ያው አንድ በሽታ ሆኖ ሳለ፥ ሕይወትና ሞትን የሚለየው ሕፃኑ የተወለደበት ስፍራ ሆኖአል።

ሀብታሞቹ አገሮች ግን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበሩም። ከ80 ዓመት በፊት የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን በቦስተንም ቢሆን በለንደን በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ነበር። ይህ ነገር እንዴት እንደ ተለወጠ ማወቅ፥ የበጎ አድራጊ ገንዘብ ምን ሊሠራ እንደሚችል ማወቅ ነው።

በቦስተን ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል ሲድኒ ፋርበር የሚባል ሐኪም ነበረ። ሥራው የሞቱትን ሕፃናት ሬሳ እየመረመረ የሞታቸውን ምክንያት መጻፍ ነበር። ሞትን ከመጻፍ ሞትን ለመከልከል አሰበና፥ ከቪታሚን ወገን የሆነውን የፎሊክ አሲድ ዓይነት ለታመሙ ሕፃናት ሰጠ፤ ነገር ግን በሽታው የተፋጠነ መስሎ ታየው። ይህን ስሕተቱን አልሸሸገውም። ይህ ነገር በሽታውን የሚያበረታ ከሆነ፥ ተቃራኒው ያደክመዋል ብሎ አሰበ። ተቃራኒውን መድኃኒት ያዘጋጀለት በመድኃኒት ፋብሪካ የሚሠራው የሕንድ ተወላጁ ሊቅ የላፕራጋዳ ሱባራው ነበረ፤ የመድኃኒቱም ስም አሚኖፕተሪን ይባላል። ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በጻፈው ሪፖርት መድኃኒቱን ከወሰዱት 16 ሕፃናት በ10ሩ ላይ በሽታው ለጊዜው እንደ ተመለሰ ገለጸ። ደስታው ከጥቂት ወራት አላለፈም፤ ሕፃናቱም ኋላ ሞቱ። ሆኖም ከዚያ ቀን በፊት የማይታጠፍ ይመስል የነበረው በሽታ መታጠፍ እንደሚችል ታወቀ።

ፋርበር ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልነበረውም። በዚያው በ1948 ዓ.ም. በግንቦት ወር በራዲዮ አንድ ዝግጅት ተደረገ። ጂሚ በሚል ስም የተጠራ የታመመ ልጅ ከሆስፒታሉ አልጋ ሆኖ ከሚወዳቸው የኳስ ተጫዋቾች ጋር ሲነጋገር አገር ሁሉ ሰማው። ከዚህ በኋላ ልጆች ሳንቲማቸውን፥ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ቀንሰው ላኩ፤ በዚያ ዓመት የተሰበሰበው ገንዘብ ከ231,000 ዶላር በላይ ሆነ። በዚህ የተመሠረተው የጂሚ ፈንድ ዛሬም ሥራውን አላቋረጠም። ያ ልጅ እውነተኛ ስሙ አይናር ጉስታፍሰን ነበረ፤ ሞቶአል ሲባል ኖሮ ከ50 ዓመት በኋላ በሕይወት መኖሩ ተሰማ፤ ያረፈውም በ2001 ዓ.ም. በ65 ዓመቱ ነው። የላኩት ሳንቲም ፍሬ ማፍራቱን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ የሚገባ ነው፤ የስለት ታሪክ ነውና። ከሊባኖስ ስደተኞች የተወለደ ዳኒ ቶማስ የሚባል አሜሪካዊ የቴአትር ሰው ገና ድኻ ሳለ፥ መንገዴ ቢቃናልኝ መታሰቢያ እሠራለሁ ብሎ ለሐዋርያው ለቅዱስ ይሁዳ ተሳለ። መንገዱም ተቃናለት። ስለቱን የከፈለው ግን የሕፃናት የምርምር ሆስፒታል በማሠራት ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. በሜምፊስ ከተማ ተከፈተ፤ ጥቁሩና ነጩ ተለያይተው በሚታከሙበት በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ሁሉንም ሕፃናት ያለ ልዩነት ተቀበለ፤ ከወላጆችም ዋጋ አላስከፈለም። ወጪውን እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የሚሸፍነው ከሕዝብ የሚዋጣ ስጦታ ነው።

ሆስፒታሉ በተከፈተበት ዓመት ዋና ከሆነው የሕፃናት የደም ካንሰር የሚድኑት ከመቶው አራት ያህል ነበሩ። የመጀመሪያው ሹም ዶክተር ዶናልድ ፒንክል ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት እየሰጠ፥ በሽታው የሚሸሸግበትን አንጐልንም እየጠበቀ፥ ውጤቱን በየጊዜው ይመዘግብ ነበር። አንዱ ሙከራ ጐደሎውን ሲያሳይ ሁለተኛው ያንን እያረመ፥ በአምስተኛው ሙከራ የሚድኑት ወደ እኵሌታ ደረሱ። ዛሬ በእነዚያ አገሮች ከመቶው ከ90 በላይ ይድናሉ። ይህ የሆነው አንድ ታላቅ መድኃኒት በድንገት ተገኝቶ አይደለም። ሥራ ላይ ከዋሉት መድኃኒቶች ብዙዎቹ አስቀድሞ የታወቁ ነበሩ፤ በምን ልክ፥ በምን ተራ፥ ስንት ጊዜ እንደሚሰጡ ግን የታወቀው ከዓመት ወደ ዓመት በተደረገ ቈጠራ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው፥ ይህ ሁሉ የሀብታሞች አገር ነገር ነው ይል ይሆናል። ስለዚህ ወደ ጐረቤታችን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራው የአየርላንድ ተወላጅ ዴኒስ በርኪት መንጋጋው ያበጠ ሕፃን አየ፤ ቀጥሎም ሌሎች ይህን የመሰሉ ሕፃናት አየ። በሽታው በየት በየት እንደሚገኝ ለማወቅ በትንሽ የገንዘብ ርዳታ ሥዕል ያለበት ወረቀት አሳትሞ በአፍሪካ ላሉት ሐኪም ቤቶች ላከ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር አሮጌ መኪና ይዞ ለዐሥር ሳምንት ያህል ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ዞረ። ወጪው ጥቂት መቶ ፓውንድ ብቻ ነበር።

ያገኘው ነገር ቈላና ደጋን ለይቶ ለሚያውቀው ለእኛ አገር ሰው አያስቸግርም። በሽታው የበዛው ሙቀትና ዝናብ ባለበት፥ ወባም በሚጸናበት ቈላ ነበር፤ በከፍተኛው ደጋ ግን አይታይም ነበር ማለት ይቻላል። በርኪት በለንደን ስለዚህ ሲናገር ከሰሙት አንዱ አንቶኒ ኤፕስታይን ነበር፤ እርሱም ከኢቮን ባርና ከበርት አቾንግ ጋር ሆኖ በ1964 ዓ.ም. በዚያ እብጠት ውስጥ አንድ ቫይረስ አገኘ። ቫይረስ በሰው ላይ ካንሰርን እንደሚያስነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመለከተው ይህ ሥራ ነው። በርኪትም ይህ እብጠት በመድኃኒት እንደሚቀልጥ አሳየ። ከአፍሪካ ሕፃናት የተገኘው ይህ ዕውቀት ዛሬ የዓለም ሁሉ ሀብት ነው።

አራተኛውን ምሳሌ የምናመጣው ከፊተኛው አባት ታሪክ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ሬሲፌ የምትባል ከተማ አለች፤ አካባቢዋም ድኽነት የበዛበት ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በዚያ የደም ካንሰር ካለባቸው ሕፃናት ከመቶው 32ቱ ብቻ በሽታው ሳይመለስባቸው አምስት ዓመት ያልፉ ነበር፤ 16ቱ ደግሞ ሕክምናውን አቋርጠው ይቀሩ ነበር። የአገሩ በጎ አድራጊዎችና የሜምፊሱ ሆስፒታል ተባብረው ለሕፃናቱ ብቻ የሚሆን ክፍል አቆሙ፤ ነርሶችን አሠለጠኑ፤ ከገጠር ለሚመጡ ወላጆች ማደሪያ፥ ምግብና የመንገድ ገንዘብ ሰጡ፤ የቀረውንም ሕፃን ፈልገው የሚያመጡ ሠራተኞች አቆሙ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዳኑት ከመቶው 63 ሆኑ፤ የሚያቋርጡትም ከመቶው አንድ እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ የአልጋና የአውቶቡስ ዋጋ እንደ መድኃኒት ሕይወት እንደሚያድን በቍጥር ተረጋገጠ። ይህን ቈጥረው ያሳተሙት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ፥ ሌላው አገር ትምህርቱን ከወዴት ባገኘው ነበር?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያም ይህ ሥራ የተነሣው ከወላጅ ኀዘን ነው። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ማቲዎስ የሚባል ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር አጥተዋል። ኀዘናቸውን በቤታቸው ዘግተው አልተቀመጡም፤ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ከዚህም በኋላ ልጆቻቸው በካንሰር የታመሙባቸው ወላጆች ተሰባስበው ተስፋ አዲስ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ይህም ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ሕፃናትና ወላጆቻቸው ማደሪያና ምግብ እየሰጠ፥ ሕክምናቸው እንዳይቋረጥ ይረዳል። የሬሲፌ ትምህርት ማለት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ አስላን ፕሮጀክት የሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋር ተባብሮ፥ በሕፃናት ካንሰር ላይ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በአገራቸው ውስጥ እንዲማሩ ረድቷል። አስቀድሞ ይህን ትምህርት ብቻ የተማረ ሐኪም ለማግኘት ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2004 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ ተከፍቶ በከተማው ነዋሪዎች ላይ የተገኘውን ካንሰር መመዝገብ ጀመረ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 ዓ.ም. የሚሠራበትን የሕፃናትና የወጣቶች ካንሰር መቈጣጠሪያ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። በጂማ፥ በጐንደርና በባሕር ዳርም የካንሰር ሕክምና ተጀምሯል። ስለዚህ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሕፃን ዓባይን ሳይሻገር የሚረዳበት ቀን እየቀረበ ነው።

ከዓለም ጋርም ግንኙነት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ባወጣው አሳብ በ2030 ዓ.ም. ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ቢያንስ ከመቶው 60ዎቹ እንዲድኑ ግብ አቁሟል። የሜምፊሱም ሆስፒታል በ2021 ዓ.ም. ለድኻ አገሮች ሕፃናት የካንሰር መድኃኒት በነጻ እንዲደርስ በስድስት ዓመት የሚከፈል 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቀ። ያ የአንድ ድኻ ሰው ስለት ከብዙ ዓመት በኋላ የት እንደ ደረሰ አንባቢ ይመልከት።

ይሁን እንጂ አንድ ጐደሎ ነገር አለ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና። ከላይ የተናገርነው የአዲስ አበባ መዝገብ የሚቈጥረው የከተማውን ነዋሪ ነው። ከገበዝ ማርያም መንደር ሳይወጣ፥ ወባ ነው ወይም ቡዳ ነው እንደ ተባለ በእናቱ ጕልበት ላይ የሞተው ሕፃን ግን በየትኛውም የካንሰር መዝገብ አልተጻፈም። በተወለደ በ40 ቀኑ ክርስትና የተነሣ፥ ስም የወጣለት፥ እናቱ የምታለቅስለት ልጅ ነው፤ ለዕውቀት ግን እንዳልተወለደ ሆኖ ቀረ። ስንት ሕፃናት እንዲህ እንዳለፉ ሳይታወቅ ስንት ሐኪም፥ ስንት አልጋ፥ ስንት መድኃኒት እንደሚያስፈልግ ሊታወቅ አይችልም። ያልተቈጠረ ሕፃን ያልተለቀሰለት ያህል ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ ድኻ አገር የታመመውን ያስታምም እንጂ ምርምር ለምኑ ነው? ሀብታሞቹ ያገኙትን ብንወስድ አይበቃምን? ይላሉ። ይህ አሳብ ቅን ቢመስልም ምሉዕ አይደለም። በምግብ እጥረት የከሳ፥ ወባ የደጋገመው፥ በሽታውም ከጸና በኋላ የመጣ ሕፃን ለቦስተን ሕፃን የተወሰነውን ብርቱ መድኃኒት በዚያው ልክ ሊሸከመው አይችልም፤ በሽታው ሳይገድለው መድኃኒቱ ሊጐዳው ይችላል። በማላዊ ብላንታየር ከተማ ያሉ ሐኪሞች ይህን ተረድተው፥ በበርኪት እብጠት ለታመሙት ሕፃናት ዋጋው ርካሽ፥ ኃይሉም ለአቅማቸው የተመጠነ መድኃኒት መርምረው ብዙዎቹን ለማዳን ችለዋል። የጐጃም ገበሬም ከሌላ አገር የመጣ ምርጥ ዘር ሲሰጠው መጀመሪያ በጥቂት መሬት ላይ ዘርቶ፥ ለአገሩ አፈርና ዝናብ መስማማቱን አይቶ ነው የሚያሰፋው። ይህም ራሱ ምርምር ነው።

ሌሎች ደግሞ፥ ልጄን መሞከሪያ ያደርጉታል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው የሚናቅ አይደለም፤ መልስ ሊሰጠው ይገባል። በሕግ የሚሠራ ምርምር አስቀድሞ በሌሎች ሊቃውንት ጉባኤ ተመርምሮ ይፈቀዳል፤ ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ ተገልጾ ያለ ፈቃዱ አይደረግም፤ ወላጁም እምቢ ቢል ወይም ኋላ ቢተው ልጁ የሚገባውን ሕክምና አይከለከልም። ይህን ጠይቆ መረዳት የወላጅ መብት ነው፤ አስረድቶ ማስፈረምም የሐኪሙ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሕዝባችን መዋጮን የሚማረው ከሌላ አይደለም። እድር አለን፤ ዕቁብ አለን፤ ሰንበቴና ማኅበር አለን፤ ደቦና ወንፈል አለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአንድ ቀበሌ 200 አባወራ በየወሩ አምስት አምስት ብር ቢያዋጣ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ሆስፒታል አይሠራም፤ ግን አንድ አባት የቀጠሮው ቀን በደረሰ ጊዜ በመንገድ ገንዘብ እጦት እንዳይቀር ያደርጋል። የእርሻው ወራትም በደረሰ ጊዜ ጐረቤቶቹ በወንፈል ቢያርሱለት፥ ልጁን አስታሞ ለመመለስ ይችላል። እድር ለቀብር የሚያዋጣውን ያህል ለሕይወትም ቢያዋጣ ነውር የለበትም። ከዚህ የሚተርፈውንም ከላይ ለተጠሩት ማኅበሮች ማድረስ ይቻላል። የሩቅ ቀጠሮን ለማክበር መንገዱ ሰላም መሆን እንደሚያስፈልገው ደግሞ፥ ስሙ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው በፍኖተ ሰላም ለሚኖር ሰው መንገር አያሻም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና መምህራን ደግሞ ገንዘብ ሳይኖራቸው ከገንዘብ የሚበልጥ ርዳታ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ይኸውም አይቶ መላክና ጽፎ ማስቀረት ነው። የሕፃኑ የዓይኑ ብሌን ውስጥ እንደ ድመት ዓይን ነጭ ነገር ቢያበራ፤ ሆዱ ወይም መንጋጋው ቢያብጥ፤ ትኵሳቱ በወባ መድኃኒት አልሸሽ ቢል፥ ከዚሁም ጋር ቢገረጣና ቢደማ፤ በአንገቱ ወይም በብብቱ ንፍፊት ወጥቶ ሳይመለስ ቢቈይ፤ ጧት ጧት ራሱን እያመመው ቢያስታውከው፤ ሳይወድቅ ቢያነክስ ወይም አጥንቴን አመመኝ ብሎ ሌሊት ቢያለቅስ፥ ወላጅ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይውሰደው። ይህ ሁሉ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ሆኖ ይገኛል። ካንሰር ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ቀድሞ የመጣው የመዳን ተስፋው ይበልጣል። ጠበል የሚሄድም ቢሆን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ያድርገው እንጂ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ሰጪዎችም አንድ ነገር ሊያስቡ ይገባል። ገንዘብ ሰጥቶ ዞር ማለት ልግስና ቢሆንም ጐደሎ ልግስና ነው። የሰጠነው ገንዘብ ስንት ሕፃናትን አስታመመ? ስንቱ ሕክምናውን ጨረሰ? ስንቱ አቋረጠ፥ ለምንስ አቋረጠ? ብሎ መጠየቅ ክፋት ወይም ጥርጣሬ አይደለም። እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰጪና በእውነት የሚመልስ ተቀባይ ባሉበት ሁሉ ገንዘቡ ከእንጀራ ወደ ዘር ይለወጣል። ተቀባዩም ያልተሳካለትን ሳይሸሽግ ይንገር፤ የፋርበር ጥቅም የጀመረው ያልተሳካውን በመናገሩ ነውና።

ጽሑፋችንን በመንደሩ ስም እንጨርሰው። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚጠብቅ፥ የገባውንና የወጣውን የሚያውቅ ሹም ማለት ነው። ሕዝቡ ዕጣኑንና ጧፉን፥ ስለቱንና መባውን አምኖ የሚያስረክበው ለእርሱ ነው፤ እርሱም በአደራ ተቀብሎ ለነገው ትውልድ ያቈያል። ለታመሙ ሕፃናት የሚሰጠው ገንዘብም ገበዝ ያስፈልገዋል። የዚህ ገንዘብ ገበዝ ምርምር ነው፤ የገባውን ሕፃን የሚጽፍ፥ የዳነውን የሚቈጥር፥ የሞተውን የማይረሳ፥ ከሁለቱም ያገኘውን ዕውቀት ገና ላልተወለደው ሕፃን የሚያስረክብ ባለ አደራ ነው። በሬውን ሸጦ ልጁን ይዞ ወደ አዲስ አበባ የወጣው ገበሬ ድርሻውን ፈጽሟል፤ የቀረው የእኛ ድርሻ ነው።